መቅዳት ነውር ነውን?

በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወጣት ብዕር ወይም ብሩሽ ባነሣ ቍጥር ሁለት ዳኞች ከፊቱ ይቆማሉ። አንደኛው «ይህ የፈረንጅ ነው፤ ከነሱ ገልብጠኸዋል» ይለዋል። ሁለተኛው ደግሞ «ይህ የአያቶችህ ነው፤ ከነሱ ገልብጠኸዋል፤ አንተ ራስህ የት አለህ?» ይለዋል። የመጀመሪያው ዳኛ ብዙ ጊዜ የገዛ ወገኑ ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚማርበት ትምህርት ቤት መምህር ነው። ለአንደኛው ሲል የአገሩን ልብስ ቢለብስ ሁለተኛው ይፈርድበታል፤ ለሁለተኛው ሲል ቢያወልቀው አንደኛው ይፈርድበታል። በዚህ መካከል ስንቱ ብሩሹን አስቀምጦ ሌላ ሥራ እንደ ያዘ የቈጠረ የለም።

ወደዚህች መጽሔት የዝግጅት ክፍል የሚመጡት ጽሑፎች የዚሁ ችግር ምስክሮች ናቸው። አንዳንዶቹ ከእንግሊዝኛ ወይም ከፈረንሳይኛ ተተርጕመው የደራሲው ስም የጠፋባቸው ግጥሞች ናቸው፤ ምንጫቸውን የማያውቅ አንባቢ እንኳ ሁለት መስመር እንዳነበበ አማርኛው በሰው ጫማ እንደሚሄድ ይገባዋል። ብዙዎቹ ደግሞ ጀበና፣ ዕጣን፣ አደይ አበባና የእናት ነጠላ በተራ የሚያልፉባቸው የናፍቆት ግጥሞች ናቸው፤ የአንዱን ጸሐፊ ስም በሌላው ግጥም ላይ ብንለጥፈው ጸሐፊዎቹ ራሳቸው የሚነቁ አይመስለንም። ጥቂቶች፣ እጅግ ጥቂቶች፣ ከነዚህ የተለዩ ናቸው። ነገር ግን ከነዚህ ጥቂቶች ጋር ሁልጊዜ ይቅርታ የሚጠይቅ ደብዳቤ አብሮ ይመጣል። «የሰው ይመስላል ትሉኝ ይሆናል፤ ስሜን አታውጡት» ይላል ደብዳቤው። ይህን ርእሰ አንቀጽ እንድንጽፍ ያስገደደን ይኸው ይቅርታ ነው።

በእኛ አስተያየት ጥያቄው ያለቦታው ተተክሏል። «ቀድተሃል ወይስ አልቀዳህም?» ተብሎ የሚጠየቅ ሠዓሊ ወይም ደራሲ ሁሉ፣ እውነቱን ከተናገረ፣ «ቀድቻለሁ» ብሎ ነው የሚመልሰው። ቋንቋችን ራሱ ይህን ያውቃል፤ ውሃም ይቀዳል፣ ጽሕፈትም ይቀዳል። ከምንጭ የቀዳ ሰው ሌባ ተብሎ አያውቅም። የቀዳውን ይዞ ወዴት ሄደ? ማንን አጠጣበት? ብሎ መጠየቅ ግን ተገቢ ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የቅኔ ቤትን ሥርዐት እንመልከት። ወደ ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ «የራስህን ድምፅ አሰማ» አይባልም። መጀመሪያ የግዕዙን ግሥና አገባብ ይማራል። ከዚያም መምህሩ የሚነግሩትን ቅኔ እየሰማ በዚያው ልክ መቍጠር ይጀምራል፤ በሁለት ቤት ከምታልቀው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ቀኑን ከሰው ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ያስባል፤ ሲመሽ የቈጠረውን ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩም ያርሙታል፣ አንዳንዴም ፈጽመው ያፈርሱበታል። ልኩ፣ ዜማው፣ የሰምና ወርቁ መንገድ፣ ከመጻሕፍት የሚጠቀሰው ታሪክ፣ ይህ ሁሉ የተቀዳ ነው። ሆኖም አንድ የማይጣስ ሕግ አለ፤ ቅኔው ራሱ አዲስ መሆን አለበት። ትናንት የተባለውን ዛሬ ደግሞ የሚል፣ ወይም የመምህሩን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ሰው በሊቃውንቱ ፊት መቆሚያ የለውም።

የሥራው ስም ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። ጀማሪው ቅኔ ይቈጥራል ይባላል፤ የበሰለው ግን ቅኔ ይዘርፋል ይባላል። የሰው ከብት ነድቶ የሚሄደውና ከራሱ ልብ በቅጽበት ቅኔ የሚያፈልቀው በአንድ ግሥ ይጠራሉ። የቃሉን የዘር ሐረግ ለሊቃውንቱ እንተወውና፣ ለእኛ አንድ ነገር ያስታውሰናል፤ ዘራፊ የሚዘርፈው ቤቱን አስቀድሞ አጥንቶ ነው። ቈጠራውን ሳያውቅ ለዘረፋ የተነሣ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ይህን ስንል ቅኔ ቤቱን ገነት ልናደርገው አይደለም። ረኀቡና የውሻ ንክሻው ቀርቶ፣ በልኩ ውስጥ ገብተው ከልኩ ሳይወጡ ያረጁ ሰዎች ብዙ ናቸው። ደጁም ለሴቶች ጠባብ ነበር፤ በጎጃም ቅኔን ያስተማሩት፣ ዐይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ እንደ ብርቅ የሚነሣው ስለዚህ ነው። ነገር ግን መቅዳትና መፍጠር ጠላቶች አለመሆናቸውን፣ እንዲያውም አንዱ ለሌላው መሰላል መሆኑን፣ ከፓሪስና ከለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች መማር አያስፈልገንም ነበር ለማለት ነው።

ከቅኔ ወደ ሥዕል እንሻገር። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በሮም ከተማ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን አንዲት ጥንታዊት የእመቤታችን ሥዕል አለች። ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ መነኰሳት በ1569 ከዚህች ሥዕል ግልባጭ አሠርተው፣ ከዚያ ወዲህ ቅጂዎቿን ወንጌል ወደሚሰብኩበት አገር ሁሉ ላኩ። በ1600 ዓመት አካባቢም ሥዕሏ ኢትዮጵያ ደረሰች። የሥዕሏን መልክ የማያውቅ አንባቢ የለም፤ ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ፣ እጆቿን አነባብራ፣ የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ዘርግታ፣ በግራዋ መሐረብ ይዛ የምትታየው፣ በየቤታችን ግድግዳ ያለችው ማርያም እርሷ ናት። ልጇም በአንድ እጁ መጽሐፍ ይዞ በሌላው ይባርካል።

እንግዲህ ከዚህ የሚበልጥ ግልባጭ አለን? ጣቶቹ እንኳ ተቈጥረው ነው የተቀዱት። ሆኖም የአገራችን ሠዓሊ ሥዕሏን በተቀበለ ጊዜ ምን እንዳደረገ እንመልከት። ፈረንጁ ሠዓሊ በብርሃንና በጥላ የሠራውን ፊት እርሱ በመስመር ሠራው። ዐይኖቿን አሰፋቸው። በቀኝና በግራዋ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፋቸውን እንደ መዘዙ አቆመላት። ከእግሯ ሥር ሥዕሉን ያሠራውን ሰው መሬት ላይ ተደፍቶ ሲማጠን ከነልብሱና ከነስሙ አስገባው። በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ሥዕሏ እንግዳ መሆኗ ቀረ። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ደግሞ ለክርክራችን ዋና ምስክር ነው። ፋሲል በ1632 ከነገሡ በኋላ ኢየሱሳውያኑ ከአገር ተባረሩ፤ ብዙ ደም ያፈሰሰው ሃይማኖታቸውም አብሮ ተባረረ። ሥዕሏን ግን «የነሱ ናት» ብሎ ከግድግዳ ያወረደ ሰው አልተገኘም። የማን እንደ ነበረች የሚያስታውስ አልነበረማ! የተማጠነባት ሁሉ የራሱ አድርጓታል።

በጎንደር ዘመንም ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል። በ1590ና በ1591 በሮም ከተማ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት በዓረብኛ የታተመ ወንጌል ነበር፤ በውስጡ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸው ብዙ ሥዕሎች አሉ። ይህ መጽሐፍ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በ17ኛው መቶ ዓመት ለብራና ሠዓልያን አርአያ ሆነ። የሰዎቹን አቋቋምና የእጆቻቸውን አነሣሥ ቀዱ። የማያስፈልጋቸውን ግን ሳያመነቱ ጣሉት፤ ያንን ሁሉ በጥቍር ጭረት የተሠራ ጥላ፣ ያንን ወደ ኋላ የሚሸሽ ሕንፃና ሰማይ ትተው፣ ሰዎቹን ወደ ፊት አምጥተው በደማቅ ቀለም ሞሏቸው። ይህን ያደረጉት አላዋቂ ስለ ነበሩ ነው የሚሉ የውጭ ጸሐፊዎች ነበሩ። እኛ እንዲህ ብለን አናምንም። የእጅን ቅርጽ እንዲያ አጥርቶ ያየ ሰው ጥላውን ሳያየው የቀረ አይመስለንም፤ አይቶ አልፈለገውም።

በዘመናችን ደግሞ ከእኛው መካከል፣ በስደትና በትምህርት ከወጡት፣ የሠዓሊ እስክንድር ቦጎስያንን ጕዳይ እንውሰድ። እስክንድር በ1937 በአዲስ አበባ ተወለደ፤ በ1955 ለትምህርት ወደ ለንደን ተላከ፤ በ1957 ወደ ፓሪስ ተሻግሮ እስከ 1966 ድረስ በዚያ ኖረ። በፓሪስ የፓውል ክሌን፣ የቺሊያዊውን የሮቤርቶ ማታንና በተለይም የኩባዊውን የዊፍሬዶ ላምን ሥራ አየ፤ ከነዚህም መማሩን ሥዕሎቹ ይመሰክራሉ። ታዲያ «ላምን ገለበጠ» ይባላልን? ላምስ ከማን ተማረ? ላም በ1938 ፓሪስ ገብቶ ከፒካሶ ጋር ተወዳጀ፤ የፒካሶንም መንገድ አጠና። ፒካሶስ? ፒካሶ በ1907 በፓሪስ በትሮካዴሮ ሙዚየም የአፍሪቃን ጭምብሎች አይቶ ነው በዚያው ዓመት የሠራው ታላቅ ሥዕል መልኩን የለወጠው። ጭምብሎቹን የጠረቡት አፍሪቃውያን ግን ስማቸው በዚያ ሙዚየም ውስጥ በአንድም ቦታ አልተጻፈም ነበር።

የዚህን ሰንሰለት አካሄድ አንባቢ ልብ ይበል። ከአፍሪቃ የወጣው ነገር በፒካሶ በኩል አልፎ ለአንድ ኩባዊ ደረሰ፤ ኩባዊው በ1941 ወደ አገሩ ተመልሶ፣ የእናቱ ወገኖች ከአፍሪቃ ያመጡትን አምልኮና የሸንኮራ አገዳውን እርሻ አይቶ፣ በ1943 «ዱር» የተባለውን ሥዕሉን ፈጸመ፤ የርሱን ሥራ ያየ ኢትዮጵያዊ ደግሞ በፓሪስ ጎዳና ላይ ሆኖ የደብተራን ጠልሰም አስታወሰ። ጠልሰሙን ሁልጊዜ ያውቀዋል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በሰው አንገት ተንጠልጥሎ አይቶታል። ሥዕል መሆኑን ያየው ግን በሰው አገር፣ በሰው ሥራ በኩል ነው። ከዚያ በኋላ በሥራዎቹ ውስጥ ተመልካቹን መልሰው የሚያዩት እነዚያ ዐይኖች፣ እነዚያ ወፎችና እባቦች፣ በኋላም በቆዳና በዛፍ ልጥ ላይ የሠራቸው ሥዕሎች የማንም ቅጂ አይደሉም። ላም ጠልሰም አያውቅም ነበር፤ ጠልሰም ጻፊው ደብተራም ላምን አያውቅም። ሁለቱን የሚያውቀው እስክንድር ብቻ ነበር። የአንድ ሰው ድምፅ የምንለው እንዲህ ያለውን መገናኛ ይመስለናል፤ ሌላ ሰው የማይቆምበት፣ ሁለት ወይም ሦስት መንገዶች በእርሱ ብቻ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ኒው ዮርክ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1964 የሠራውን አንድ ሥዕሉን ወስዷል፤ የላም «ዱር»ም የዚያው ሙዚየም ንብረት ነው። እስክንድር በኋላ በዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምሮ በ2003 በዚያው ከተማ አረፈ።

የገብረ ክርስቶስ ደስታ ዕጣ ግን ከዚህ ይልቅ መራራ ነበር። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና ሥዕል የሚሥሉ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ፤ እርሱም በሐረር በ1932 ተወልዶ ከአባቱ እጅ ቀለም አየ። በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተምሮ ተመለሰና በ1963 በአዲስ አበባ ሥራውን ባሳየ ጊዜ «ይህ ኢትዮጵያዊ አይደለም» ተባለ። በዚያው ዓመት «ጎልጎታ» የተባለውን ሥዕሉን ሠርቷል። ስቅለትን ከአባቱ ወረሰ፤ የአሣሣሉን መንገድ ከኮሎኝ አመጣ። ከሳሾቹ ግን መንገዱን ብቻ አዩ። ግጥሞቹን ያነበበ ሰው እንዲያ አገር የናፈቀ ጸሐፊ ጥቂት መሆኑን ያውቃል፤ ያም ሆኖ «የፈረንጅ ቅጂ» የሚለው ስም እስኪሞት አልለቀቀውም። በ1981 በአሜሪካ አገር በኦክላሆማ ክፍል በስደት ሞተ። ዛሬ በአዲስ አበባ በስሙ የተሰየመ የሥነ ጥበብ ማዕከል አለ፤ ፍርዱ ተገለበጠ ማለት ነው፤ ፍርደኛው ግን አልሰማም።

እስካሁን የተናገርነው ከውጭ ስለ መቅዳት ነው። ከገዛ አባቶች መቅዳትስ? ብዙ ወገኖቻችን ይህን እንደ ቅጂ አይቈጥሩትም፤ እንደ ታማኝነት ነው የሚያዩት። በዚህ ላይ ከነሱ ጋር አንስማማም። በአውሮፓና በአሜሪካ ባሉት ምግብ ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ሥዕል አንባቢ ያስታውስ፤ ዐይናቸው የተጐለጐለ መላእክት፣ በብራና ላይ በትንንሽ አራት ማዕዘን ተከፋፍሎ የተሣለ የንግሥተ ሳባ ታሪክ፣ ሁልጊዜ ያንኑ ዘንዶ የሚወጋ ያው ጊዮርጊስ። እነዚህን ለገበያ የሚሠራውን ሰው አንነቅፈውም፤ ልጆቹን የሚያበላበት ሥራው ነው፤ እጁም ብዙ ጊዜ የሠለጠነ ነው። የምንነቅፈው እኛን ገዢዎቹን ነው። «እውነተኛው የኢትዮጵያ ሥዕል ይህ ብቻ ነው» ብለን ስንደመድም፣ የሮማይቱን ማርያም ተቀብሎ ዐይኗን ያሰፋውን ያንን ደፋር ሠዓሊ እንክደዋለን። እርሱ አባቶቹ ያልሠሩትን ነው የሠራው። እርሱን መምሰል የሚፈልግ ሰው የድፍረቱን መንገድ ይከተል እንጂ የሣላቸውን ዐይኖች ቢደግማቸው ምን ይጠቅመዋል?

በሥነ ጽሑፍም እንዲሁ ነው። በሦስት ዓመቱ ከአገር የወጣ ወጣት ያላየውን ወንዝና ያልጨበጠውን ዕርፍ እያነሣ ግጥም ይጽፍልናል። ወንዙን ከየት አገኘው? ከሌላ ሰው ግጥም ነዋ! ይህም ከአገር ልጅ የተወሰደ ስለ ሆነ ብቻ ግልባጭነቱ አይቀርም። እርሱ ግን እኛ የማናውቀውን ብዙ ነገር ያውቃል። እናቱ ሌሊት ሆቴል አጽድታ ስትመለስ በሩን ቀስ አድርጋ የምትከፍትበትን ድምፅ ያውቃል። መሐንዲስ የነበሩ አጎቱ በመኪና ማቆሚያ ቤት መስኮት ውስጥ ተቀምጠው ቲኬት እየቈረጡ ዳዊት የሚደግሙበትን አኳኋን ያውቃል። በሪያድ ወይም በቤይሩት የሰው ወጥ ቤት ውስጥ የምትሠራ እኅታችን አሠሪዋ እስክትተኛ ጠብቃ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በስልክ የምትልከውን መልእክት ሰምቷል፤ በየትኛው ቃል ላይ እንደምትቆም፣ ምኑን እንደምትደብቅ ያውቃል። ይህን ማንም አልጻፈለትም። ልንጠይቀው የሚገባ ይህን ነው፤ እርሱ ግን ጀበና ይልክልናል፤ ምክንያቱም «አበሻ ግጥም» ሲባል የሰማው ጀበናውን ነው።

ደግሞም የተወረሰውን ነገር ወደ አዲስ ቦታ የወሰደ ሁሉ አደጋውን ማወቅ አለበት። ሙላቱ አስታጥቄ ምሕንድስና እንዲማር ወደ ዌልስ ተልኮ፣ ሙዚቃን መርጦ፣ በለንደንና በቦስተን ተማረ፤ በ1966 በኒው ዮርክ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች አወጣ። የገጠመው ችግር የቴክኒክ ችግር ነበር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬና አምባሰል እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው፤ የፈረንጁ ስምም በአሥራ ሁለት ድምፆች ላይ የቆመ ነው። ያንን ሁሉ ድምፅ በቅኝቱ ላይ ቢጭኑበት ቅኝቱ ይታፈናል፤ ምንም ባይጨምሩበት ደግሞ አዲስ ነገር አልተሠራም። የቱ ድምፅ የት ላይ ቢገባ ባቲ ባቲነቱን ይዞ ይኖራል? ይህን ጆሮ እንጂ መፈክር አይመልሰውም። «ባህላችንን ከዘመናዊው ጋር እናዋህድ» የሚለውን ቃል በየስብሰባው የምንሰማ ሁሉ ነገሩ የሥራ ጕዳይ መሆኑን፣ ድምፅ በድምፅ፣ ቀለም በቀለም፣ ቃል በቃል የሚፈተን መሆኑን እንርሳው ዘንድ አይገባም።

ስለ ሥራ ካነሣን ዘንድ፣ በዛሬው ዘመን መቅዳት ድካም የሌለው መሆኑ አንድ ትልቅ ነገር አበላሽቷል። ቁም ጸሐፊው መጽሐፍ ሲገለብጥ እያንዳንዱን ፊደል በእጁ ያልፍበት ነበር፤ ለወራት ሲገለብጥ የጸሐፊውን አገባብ ሳያውቀው ይማረዋል። የሥዕል ተማሪም የሌላውን ሥራ ሲቀዳ እጁ የሚሰናከልበት ቦታ አለ፤ ራሱን የሚያገኘው እዚያ መሰናክል ላይ ነው። አሁን ግን ማንኛውም ሥዕል በአንድ ጣት ይቀዳል፤ «በጎንደር ስልት ሥራልኝ» ቢሉት በጥቂት ሰከንድ የሚሠራ ማሽን አለ፤ የናፍቆት ግጥምም ይጽፋል፤ ጀበናውንም አይረሳም። እንዲህ ያለው ቅጂ ከቀጂው እጅ ስላላለፈ ምንም አያስተምረውም። ስለዚህ ለወጣቶቻችን የምንለው «አትቅዱ» አይደለም። በእጃችሁ ቅዱ፤ የምትወዱትን ሠዓሊ አንድ ሥዕል ከዳር እስከ ዳር ቅዱ፤ የምትወዱትን ደራሲ አንድ ምዕራፍ በብዕር ገልብጡ፤ ከዚያም ወረቀቱን በመሳቢያ ቆልፉበት።

ሆኖም «ሁሉ ይቀዳል» ማለት ስርቆት የለም ማለት አይደለም። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ጁልዬት»ን ወደ አማርኛ ሲመልሱ የሼክስፒርን ስም አልደበቁም፤ በዚህም ክብራቸው አልቀነሰም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1920ዎቹ መጀመሪያ «ፋቡላ»ን ሲደርሱ የላ ፎንቴንን አውሬዎች አመጡ፤ አውሬዎቹ ግን በአዲስ አበባ መድረክ ላይ ስለ አዲስ አበባ መንግሥት ተናገሩ፤ ሰሚውም ማን እንደ ተነካ አላጣውም። ላ ፎንቴን ራሱ ከኤዞፕና ከሕንዱ ከፒልፓይ መውሰዱን በመጽሐፉ ላይ ተናግሯል። የወሰደውን የሚናገር ሰው አይፈራም፤ የጨመረው ነገር አለውና። የጨመረው የሌለው ነው ምንጩን የሚደብቀው። በሌላ በኩል የጭምብል ጠራቢዎቹ ስም ሳይጠራ የቀረበትን ግፍ የምናወግዝ ሰዎች፣ በባሕር ማዶ ያለች የአንዲት ገጣሚ ግጥም ያለ ስሟ በአማርኛ አትመን ብንገኝ ምን ልንል ነው? ግፉ አቅጣጫውን ስለ ለወጠ ግፍነቱ አይቀርም። የድሀ ሕዝብ ልጅ መሆን ለዚህ ፈቃድ አይሰጥም።

ከዚህ የተነሣ የዝግጅት ክፍሉ ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ የሚከተለውን ወስኗል። የትርጕም ሥራ የደራሲው ስምና የተተረጐመበት ቋንቋ ከርእሱ በታች ሳይጻፍ አይታተምም። ከሌላ ሥራ መነሻ የወሰደ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ግን በዚህ ምክንያት ብቻ አይመለስም፤ መነሻውን በአንድ መስመር መግለጽ ይበቃል። የናፍቆት ግጥም አንከለክልም፤ ነገር ግን የላከልን ሰው የናፈቀውን ነገር በእጁ ነክቶት እንደሆነ ደብዳቤ ጽፈን መጠየቃችን አይቀርምና አይቀየመን። ስማቸው እንዳይወጣ የጠየቁትን ጸሐፊዎች በተመለከተ፣ ፈቃዳቸውን እናከብራለን፤ ከመካከላቸው ሁለቱን ግን በድጋሚ እንዲያስቡበት በግል ጽፈንላቸዋል። መልሳቸው በጊዜው ከደረሰን ግጥሞቻቸው በዚህ ገጽ ትይዩ ባለው ገጽ ላይ ይወጣሉ።